አምስቱ ጥናቶች

ሳባ ወረቀቱን ያመጣችልኝ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳው በዚያ ጠዋት አራት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ዝናብ ስለመዘገብኩ ነው። ከሆሳዕና በሞተር ስለመጣች ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እያለች ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ። አሁን የአንድ የውሃ ፕሮጀክት ባለሙያ ሆናለች፤ እኔን ግን ዛሬም «ቲቸር» ትለኛለች።

«ቲቸር፣ ታዋቂ ሆነው አረፉት፤ የእርስዎ ዝናብ እዚህ ውስጥ ገብቷል» አለችኝ ወረቀቱን እያቀበለችኝ።

አርባ ገጽ ነው። ለሰፈራችን ውሃ እንዲገባ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነበር። ከተራራው ሥር ካለው ትልቅ ምንጭ ውሃ ተጠልፎ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በቧንቧ ተስቦ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ቦታ ቦኖ ይሠራል። አሁን ያለን ምንጭ አንድ ነው፤ እሱም እየደረቀ ነው። የሟች ወንድሜ ሚስት ትርፊት በበጋ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ሁለት ጀሪካን ይዛ የምትመለሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንድ መቶ ሰማንያ አባወራ እንደ እሷ ይኖራል።

ፕሮጀክቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ውሃው የሚሠራው በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ቀበሌዎች ብቻ ነው፤ ተጎዱ የሚባለውም ዝናባቸው ከሃያ በመቶ በላይ መቀነሱ በጥናት ሲረጋገጥ ነው። ሳባ ገጽ ዘጠኝን ገልጣ ጣቷን አሳረፈችበት። «በአካባቢው የዝናብ መጠን በሃያ ሦስት በመቶ መቀነሱን አምስት የተለያዩ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በዚህ ላይ በሳይንቲስቶች መካከል ልዩነት የለም» ይላል።

«አምስቱን ጥናቶች ታገኚልኛለሽ?» አልኳት።

«ለምን? ሊያነቧቸው?»

«ለማንበብ ካልሆነ ለምን ይጻፋሉ?»

ሳቀች። በሳምንቱ ግን በፍላሽ ላከችልኝና አንጋጫ ከተማ አሳተምኳቸው።

ሥራዬን ልናገር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በአንጋጫ ሳስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ፤ አጭር የብረት ቆርቆሮ ነው፣ በእንጨት ላይ የተተከለ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ በመስታወት ቱቦ ገልብጬ፣ ዓይኔን ከውሃው ጫፍ ጋር አስተካክዬ አነባለሁ፤ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት እልካለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩትም። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ የቀረሁት አንድ ወር ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ ታይፎይድ ይዞኝ ወሩን ሙሉ ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ የሚተካኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጥናት ሠንጠረዥ ስመለከት ያቺ ወር ባዶ ናት። የሁለተኛውም ባዶ ናት። ሦስተኛው «መረጃ የለም» ብሎ ጽፎባታል። አራተኛው በአማካይ ሞልቷታል፤ ግን ከሥር በትንሽ ፊደል መሙላቱን ገልጿል። አምስተኛው የቀደሙትን አራት ጠቅሶ «ሁሉም ተስማምተዋል» ከማለት በቀር የራሱ ቁጥር የለውም። አምስት ጥናት፣ አሥራ ሰባት ጸሐፊ፣ አንድ መለኪያ። የእኔን ታይፎይድ በየገጹ አገኘሁት።

ይህ ብቻውን ስህተት አይደለም። አንድ መለኪያ ትክክል ከሆነ አምስት ሰው ቢጠቅሰው ምንም አይደለም። ችግሩ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ሳነበው መጣ። ዝናብ ይዘላል፤ አንድ ዓመት ይበዛል፣ አንድ ዓመት ያንሳል። የእኔ ቁጥር ግን ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ደረጃ በጥቂት በጥቂቱ ወርዷል። ዝናብ እንዲህ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄደው የሚያድግ ነገር ነው።

ተነስቼ ወደ ግቢው ሄድኩ። ከመለኪያው አራት ሜትር ርቀት ላይ ግራቪሊያ ዛፍ አለ። በ2001 ዓ.ም. ተማሪዎች በአካባቢ ጥበቃ ቀን የተከሉት ነው፤ ሥሩ «የአየር ንብረታችንን እንጠብቅ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ደንቡ የሚለው ማንኛውም ዛፍ ከመለኪያው ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ መራቅ አለበት ነው። ዛፉን በጥላው ለካሁት፤ ቁመቱ አሥራ አራት ሜትር ከግማሽ ነው። ቅርንጫፉ ከመለኪያው አፍ በላይ አልፎ ሄዷል።

ዛፉን አላየሁትም ማለት አልችልም። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። በ2006 ዓ.ም. ቅጹ ላይ በማስታወሻ ቦታ «ዛፍ ቀርቧል» ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። መልስ አልመጣም። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ዛፉን ማስነካት አልፈለገም፤ ለጉብኝት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሥሩ ፎቶ ይነሳ ነበር። እኔም ሁለተኛ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጥርጣሬ ማስረጃ ስላልሆነ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ፈልጌ፣ የአፉን ስፋት ለክቼ፣ ከዛፉ ስልሳ ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ተከልኩትና በእሾህ አጠርኩት። ሰኔንና ሐምሌን ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ለካሁ። ሜዳ ላይ ያለው ሦስት መቶ ሰባ አንድ ሚሊሜትር ተቀበለ። ከዛፉ ሥር ያለው ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። ልዩነቱን ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሃያ ሦስት በመቶ ነው።

ሳባን ነሐሴ ውስጥ አንጋጫ አገኘኋት። ስለ ዛፉ የጻፍኩትን አንድ ገጽ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ቲቸር፣ ምንጩ እየደረቀ ነው ወይስ አይደለም?»

«እየደረቀ ነው። በጥር 1990 ሃያ ሊትር ጀሪካን በአርባ ስምንት ሴኮንድ ይሞላ ነበር። ዘንድሮ ጥር ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ፈጀ።»

«በቃ፤ ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?»

«ምክንያቱ የዝናብ መቀነስ መሆኑን አላውቅም።»

«ምክንያቱን ማን ጠየቀዎት?»

«ቅጹ ጠይቋል፤ ገጽ ዘጠኝ።»

«ምንጩን የለኩበትን ላያይዘው?»

«ልታያይዢው ይገባል። ዋናው እኮ እሱ ነው።»

«ቅጹ የምንጭ ቦታ የለውም፤ የዝናብ ብቻ ነው ያለው።» የታጠፈውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይህን ወረቀት ካስገባሁ ሰፈሩ በማግስቱ ይሰረዛል። እስኪ እኔ ጋ ይቀመጥ። ለማንም አይንገሩ፤ እባክዎ።»

እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ለፈትሁዲን ነገርኩት።

ፈትሁዲን አንጋጫ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ አለው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ከምባትኛን እንደ እኛው ይናገራል። ሚስማር፣ ቆርቆሮና ጀሪካን ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እየሰማ ከሬዲዮው ጋር ይከራከራል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን አንድ ቀን አምኖ አያውቅም። ያን ዕለት ስገባም በዚያው ላይ ነበር።

«ስማ ይሄን መምህርዬ! ዘጠና ሰባት በመቶ ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል ይላል። ሦስቱ በመቶ ገና ሽማግሌ አልተላከባቸውም ማለት ነው!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ስምምነት በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል። በሸንጎአችን እጅ አይቆጠርም። አንድ ሰው ካልተስማማ ነገሩ አላለቀም፤ ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየተነሱ ይለምኑታል፣ በአባቱ ስም ይለምኑታል፣ በልጆቹ ይለምኑታል። እየመሸ ሲሄድ ሰውየው «እሺ» ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ስምምነት» ተብሎ ይጻፋል። ፈትሁዲን የዓለም ሳይንቲስቶችም እንዲሁ የሚቀመጡ ይመስለዋል። እኔም በዚያ ሳምንት እንደ እሱ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም።

«አንተ ምን አገባህ?» አልኩት። «ዝናብ ቢጠፋ ጀሪካን ትሸጣለህ።»

«እሱማ ነው! ለእኔ እውነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው።»

ገዢዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ስለ አምስቱ ጥናቶችና ስለ ዛፉ ነገርኩት። አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ባንኮኒውን በመዳፉ መታው።

«አላልኩም? ሁለት ሬዲዮ ጨርሻለሁ እኮ ይህን እያልኩ!»

«አንተ የምትለውንማ አላልኩም። እኔ የማውቀው አንድ መለኪያ ነው። የዓለሙን አላውቅም። እንዲያውም ሌላ ነገር ልንገርህ፤ የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት ቀን ተለውጧል። ድሮ የካቲት ሃያ ገደማ ነበር፤ አሁን መጋቢት አጋማሽ ነው። እሱን ዛፍ አይከልለውም። ዝናብ ከዘነበ ዘነበ ነው፤ ቀኑን ጽፌዋለሁ።»

«ማን አየህ ስትጽፈው?»

«ማንም።»

«ስለዚህ እሱም ዛፍ አያጣም» አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ግን በዚያ ሳምንት ገበያ ከዳምቦያ ከተማ የመጣ ነጋዴ ሳይቀር «የአንጋጫው መምህር ዝናብ አልቀነሰም፣ ሁሉም ውሸት ነው አለ» እያለ ያወራ ነበር። ብዙ ነገር ነበር የነገርኩት፤ ገበያ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱንም አላልኩትም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ አክሊሉ መሐል ተቀምጠዋል። ወንዱም ሴቱም መጥቷል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ይመለከታል።

«መምህር» አሉኝ አቶ አክሊሉ፣ «ዛፉን ማን ተከለው?»

«ተማሪዎች።»

«እግዜር ይስጣቸው። ውሃውን ማን ይጠጣል?»

«እኛ።»

«ቧንቧውን ማን ይስባል?»

«ፕሮጀክቱ።»

«ታዲያ በመካከል አንተ ምን ቤት ነህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ልመናው ጀመረ። አንዱ በአባቴ ለመነኝ። አንዱ የሠላሳ ሁለት ዓመት ልፋቴን አመስግኖ ለመነኝ። ሌላው «እኛ እኮ ዋሽ አላልንህም፤ ዝም በል ነው ያልንህ፤ ዝም ማለት መዋሸት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ ትርፊት ተነሳች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«ጋሼ ሆሴዕ፣ እኔ ሚሊሜትር አላውቅም። ወገቤ ግን ከአሁን በኋላ ሁለት በጋ አይችልም። ይኸው ነው።»

ተቀመጠች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምንጩ እየደረቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ቁጥሩ ትክክል ባይሆንም ጥማቱ ትክክል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። «እሺ» አልኩ። አቶ አክሊሉ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ጸሐፊው «በሙሉ ስምምነት» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

የፕሮጀክቱ ገምጋሚ ጥቅምት ስምንት መጣ። ኢንጂነር ሰዒድ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የገበያው ወሬ መሥሪያ ቤቱ ደርሶ ነበር፤ የተላከውም ያንን እንዲያጣራ ነው። በዚያ ጠዋት መለኪያውን ለማንበብ ወደ ግቢው ቀድሜ ስገባ ዛፉ የለም። በግቢው ዳር ዳር ሌሎች ሰባት ዛፎች ቆመዋል፤ እሱ ብቻ ተቆርጧል። ግንዱን ወስደው፣ ቅርንጫፉን ለቅመው፣ ቅጠሉን ጠርገው ግቢውን እንደ ሠርግ ቤት አጽድተውታል። ጉቶው ላይ አፈር በትነዋል። ሰሌዳው ግን ቆሟል።

አቶ አክሊሉ በር ላይ ቆመው ፈገግ አሉልኝ። «አሁን ምን ቀረ? የሚያስቸግርህን ነገር አነሳንልህ።»

ሊረዱኝ ነበር። ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። አንድ ሰው እሺ ካለ በኋላ ሰፈሩ የእሱን ሸክም መሸከም አለበት፤ ደንባችን ነው። ሸክሜን ዛፉ አድርገው ቆጠሩትና ቆረጡት።

ኢንጂነር ሰዒድ መለኪያውን ዞሮ ተመለከተ። ከመለኪያው ጀምሮ በእርምጃ እየቆጠረ መጣና አራተኛው ላይ ቆመ። በጫማው ጫፍ አፈሩን ገለጥ አደረገ። ተንበርክኮ ጉቶውን ነካው፤ ጣቱ ረጠበ።

«እዚህ ዛፍ ነበር?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ።

«አልነበረም!» አለ ሁሉም ባንድ አፍ። ስድሳ ሰው ያህል ነበር።

«ይህስ?»

«የቆየ ነው!» አለ አንዱ።

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ የሚመዘግቡት እርስዎ ነዎት። ዛፍ ነበር?»

ትርፊት ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። አቶ አክሊሉ አጠገቤ ናቸው። እሺ ብያለሁ፤ ፈርሜያለሁ። መሬት መሬቱን አየሁ። መልስ አልሰጠሁም። ምናልባት ሃያ ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ አልቆጠርኩም። ኢንጂነር ሰዒድ ጠብቆኝ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ።

ያን ጊዜ ነገሩ እንዳመለጠ ገባኝ። ደብተሬን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ።

«ኢንጂነር፣ ዝናቡን ይተዉት። ምንጩን ይዩልኝ። በየዓመቱ ጥር ውስጥ በሰዓትና በጀሪካን ለክቼዋለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት። ይኸው፤ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ ወደ ሦስት ደቂቃ ከአሥር።»

ደብተሩን ተቀብሎ ገለበጠ፤ በጥሞና ነበር ያነበበው።

«ማን ለካው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ይህን የለኩት ሰውዬና አሁን ዝም ያሉኝ ሰውዬ አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

ደብተሩን መለሰልኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዛፍ ነበር ቢሉኝ ኖሮ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህን ይዤ ልከራከርልዎ እችል ነበር። አሁን ምን ብዬ ልያዘው?»

ምንጩን ለማየት አልወረደም።

ደብዳቤው ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ። ከቀበሌው የቀረበው መረጃ በሙሉ ተአማኒነት የጎደለው በመሆኑ ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ የአንጋጫው ትምህርት ቤት መለኪያ መዝገብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጥቅም ላይ እንዳይውል መጠቆሙ ተጽፏል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ዛፉ ሳይተከል የነበሩት አሥራ ሰባት ዓመታትም፣ በልግ የሚገባባቸው ቀናትም አብረው ሄዱ። ሳባን ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሯት፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም። እኔም አልደወልኩም። አምስቱ ጥናቶች ግን አልተሰረዙም። በታኅሣሥ አንድ ስድስተኛ መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ አምስቱን ይጠቅሳል።

ፈትሁዲን ሱቅ ገብቼ ደብዳቤውን አሳየሁት። አንብቦ ሬዲዮውን ዘጋ።

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም እኮ» አለኝ። «እኔ ክርክር ነበር የያዝኩት። ውሃውን ማን አንሳ አለ?»

«አንተ ምን አደረግህ? ወሬ ብቻ ነው ያወራኸው።»

«አንተስ?»

«እኔ ለክቻለሁ።»

ሻይ አዘዘልን። ሁለታችንም ሳንጠጣው ቀዘቀዘ።

በሰፈሩ ማንም አልሰደበኝም። አቶ አክሊሉ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ያልፋሉ፤ አይቆሙም። ስብሰባ ሲኖር ይጠሩኛል፤ የሚለምነኝ ግን የለም፤ ሐሳቤን የሚፈልገው ስለሌለ።

ጥር አሥራ አራት ቀን ትርፊት ቤቷን ዘጋች። ሆሳዕና ያለች ልጇ ጋ ልትኖር ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነው። እንሰቷን ለጎረቤት አደራ ሰጠች። በበጋው ከሰፈሩ ከወጡት ዘጠነኛዋ ናት። ዕቃዋን ተሸክሜ መኪና እስከሚቆምበት ሸኘኋት። መኪናው እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛፉ ባይኖር ኖሮ ዝናቡ ስንት ይሆን ነበር?»

«እንደ ድሮው ገደማ።»

«አልቀነሰም?»

«እንጃ፤ ጥቂት ቀንሶ ይሆናል። ብዙ አይደለም።»

አሰብ አደረገች። «ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ለክተው?»

«እኔ የለካሁት የሚወርደውን ነው፤ ትርፊት። የሚሄድበትን የለካ የለም።»

ረዳቱ «ሆሳዕና የቀረ!» ብሎ ተጣራ። ዕቃዋን አቀበልኳት፤ ገባች። መቀመጫው ስለሞላ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ ሞተሩ ሽፋን ላይ ተቀመጠች። በሩ ሲዘጋ እጇን አላነሳችም፤ ዕቃዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።